አሥራ ሰባት ቁጥር ሄድፎንና የግራ ጆሮዬ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አራት ኤርፎን ገዛሁ፤ አራቱም ተበላሹብኝ። የሚገርመው ሁሉም የተበላሹት በአንድ በኩል ነው፤ በግራ። የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ሠራ። ሁለተኛው አሥር ቀን። ሦስተኛውና አራተኛው ግን ከመገናኛ ተሳፍሬ የካ አባዶ እስክወርድ እንኳ አልታገሡኝም።

የምገዛው ከሄለን ነው። ሄለን መገናኛ፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ፣ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን በሰሌዳ ላይ ሰክታ የምትሸጥ፣ ሠላሳውን ያለፈች ፈገግተኛ ሴት ናት። ፈገግታዋን እስካሁን ያልጨረስኩባት በራሷ ጥንካሬ እንጂ በእኔ ደግነት አይደለም።

«ግራው ደግሞ ደከመ» እላታለሁ።

ሰክታ ትሞክረዋለች። «እናቴ ትሙት፣ ሁለቱም ይሰማል።»

«በዘፈን ስለምትሞክሪው ነዋ። ኤርፎን በዘፈን አይሞከርም።»

«በምን ይሞከር ታዲያ?»

«በሰው ወሬ።»

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ የሚፈልጉት ኤርፎን አይደለም፣ የሚጨቃጨቁት ሰው ነው» ትለኝና እየሳቀች በቅናሽ ሌላ ትሸጥልኛለች።

ብትስቅ አልፈርድባትም። ሠላሳ ዓመት ያህል ሄድፎን ስጠግን የኖርኩ ሴት በርካሽ ኤርፎን ስትሸነፍ ያስቃል። እኔን ግን አላሳቀኝም። ከአራተኛው በኋላ አንድ ጥርጣሬ ገባኝ። ምን እንደሆነ እያወቅሁ፣ እንደማላውቅ ሆኜ ወር ያህል ከረምኩ። ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ነው፤ ግን መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ላውራ፣ አለዚያ ፍርሃቴ አይገባችሁም።

ስጋት ተፈጥሮዬ ነው። በር ቆልፌ ወጥቼ፣ ታክሲ ከያዝኩ በኋላ ወርጄ ተመልሼ የገፋሁት በር ብዙ ነው። ባለቤቴ ገና ከቤት ስንወጣ ጀምሮ «ምድጃው ጠፍቷል፤ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ፤ ስታጠፊው ያየሁሽ ደግሞ እኔ ነኝ» ይለኛል። ለትዳር የማይመች ጠባይ ነው። ለጥገና ግን ይመቻል፤ ምክንያቱም ጥገና ማለት ደህና የሚመስለውን ነገር አለማመን ነው።

ሥራ የጀመርኩት ኮተቤ፣ አቶ ደረጀ የሚባል ሰው ሬዲዮ መጠገኛ ቤት ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ገና የብየዳ ካውያ በወጉ መያዝ አላውቅም ነበር። አቶ ደረጀ ፈጣን ሰው ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ «ይሰማል?» ይላል፤ «ይሰማል» እላለሁ፤ «ስጪው ይሂድ» ይላል። ደንበኛው ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ እንደ አዲስ ሥራ ይቀበለዋል። እዚያ ቤት ያተረፍኩት የእጅ ፍጥነት ነው። ርካሽ ሄድፎን የት የት እንደሚሞትም የለየሁት እዚያ ነው፤ ሦስት ቦታ ነው፤ መሰኪያው ሥር፣ ገመዱ ለሁለት የሚከፈልበት፣ እና ጆሮው ጋ ሲገባ። ሌላው አካል ዕድሜ ልክ ይኖራል።

ገመዱን ስትልጡት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ውስጡ ያለው መዳብ ከፀጉር ይቀጥናል፤ ቀለም ተቀብቷል፤ ከክር ጋር ተጠቅልሏል። ቀለሙን ሳያቃጥሉ ስታኞ፣ ማለትም የብየዳው እርሳስ፣ አይይዘውም። የያዘ ይመስላል እንጂ ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው። እኛ አስፕሪን እንክብል ላይ ሽቦውን አስተኝተን በካውያ እንጫነው ነበር፤ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ሽቦው ግን ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ፋብሪካው ለርካሹ ይህን ያህል አይደክምም። ስለዚህ አዲስ ሆኖ ሳለ ውስጡ የተላቀቀ ሄድፎን ሞልቷል።

ከአቶ ደረጀ ቤት ወጥቼ የገባሁት ከፈረንሳይ ሰፈር ሽቅብ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ሥር ያለ፣ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍትና ፈተና በድምፅ የሚያዘጋጅ አንድ ማዕከል ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም። ተማሪዎቹ እዚያው ያድራሉ፤ መጽሐፉን በካሴት ያዳምጣሉ፤ ፈተናውንም በሄድፎን እየሰሙ መልሱን በብሬል ይጽፋሉ። ደመወዙ ከኮተቤው ብዙም አይሻልም ነበር፤ በኮንትራት ነው የገባሁት። ግን ጋሽ ተክሉ ነበሩ።

ጋሽ ተክሉ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ፣ ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ በሥራ ሰዓት ሻይ የማይጠጡ ሰው ነበሩ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ማልደው እንጦጦ ራጉኤልን ተሳልመው፣ ጫማቸው ቀይ አፈር እንደያዘ ሥራ ይገባሉ። እኔ ጴንጤ ነኝ። «አስቱ፣ ላንቺም ጸለይኩልሽ፤ እንዳትከፋይ» ይሉኝ ነበር። «የኔም ጸሎት አለ ጋሼ» ስላቸው «ታዲያ ሁለት ቢሆን ምን ይጎዳሻል?» ይሉኛል።

የእሳቸው ጥያቄ «ይሰማል?» አልነበረም። «እስከ መቼ ይሰማል?» ነበር። ጠረጴዛቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ የምስማር መደዳ ነበር። አዲስ ሄድፎን ሲመጣ ምስማሩ ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ገመዱ ጫፍ ላይ ቁልፉ የጠፋበት ከባድ ጓጉንቸር ያስሩበታል፤ ሲጎተት ያድራል። ጠዋት ጓጉንቸሩን ፈትተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የሚያዳምጡት የራሳቸውን ድምፅ ነው፤ ከአንድ እስከ ሃያ የቆጠሩበት ካሴት አለ። እየሰሙ ሦስቱን ቦታ ይነቀንቃሉ። ከሃያ በኋላ ካሴቱ ላይ ባዶ ቦታ አለ፤ እሱንም እስከ መጨረሻው ይሰሙታል፤ የሽቦ ሹክሹክታ ካለበት ሄድፎኑን ይጥሉታል። የሚጠግኑትን ደግሞ ከመበየዳቸው በፊት ገመዱን ውስጥ ለውስጥ ይቋጥሩታል፤ ሰው ሲጎትተው ጉልበቱ ቋጠሮው ላይ እንዲቀር፣ ብየዳው እንዳይነካ።

«ለምን በዘፈን አይሞክሩትም?» ብዬ ገና በገባሁ ሰሞን ጠይቄያቸው ነበር።

አንድ የተበላሸ ሰጡኝና ዘፈን ከፈቱልኝ። ይሰማል፤ ትንሽ ባዶ በርሜል ውስጥ ያለ ይመስላል እንጂ ይሰማል። ከዚያ የእሳቸውን ቆጠራ አደረጉልኝ። ምንም የለም። አንድም የለ፣ ሁለትም የለ።

ነገሩን ያስረዱኝ በሦስት ሽቦ ነው። አንዱ ወደ ግራ ጆሮ ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ቀኝ፤ ሦስተኛው ሁለቱም የሚመለሱበት የጋራ ሽቦ ነው። የጋራው ሲላቀቅ ግራና ቀኙ እርስ በርስ ይያያዙና በሁለቱም በኩል እኩል የተቀዳው ይጠፋፋል። ዘፈን ግራና ቀኙ ስለሚለያይ ልዩነቱ ይተርፋል። የአንድ ሰው ንግግር ግን መሐል ላይ ስለሚቀዳ ድራሹ ይጠፋል። «ስለዚህ በዘፈን የሞከረ ሰው አልሞከረም» አሉኝ። ገባኝ። የገባኝ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ።

በሦስተኛው ዓመት፣ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አሮጌዎቹን የሚተኩ ሃያ አራት አዲስ ርካሽ ሄድፎኖች መጡ። ጋሽ ተክሉ የእህታቸው ለቅሶ ላይ ክፍለ ሀገር ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። በዚያው ወር ቋሚ እሆናለሁ ተብሎ ደብዳቤዬ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ያለን ምስማር ስድስት፣ ጓጉንቸር አንድ። ሥራ አስኪያጁ በየሰዓቱ በሩ ላይ ብቅ እያሉ «አስቴር፣ አለቀ?» ይላሉ። የመቁጠሪያውን ካሴት ከጋሽ ተክሉ መሳቢያ ለማውጣት ቁልፉን መፈለግ ነበረብኝ። አልፈለግሁም። አንድ የመዝሙር ካሴት አጠገቤ ነበር። እሱን ከፈትኩና ሃያ አራቱንም በየተራ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ይሰማል። ይሰማል። ይሰማል። በመጨረሻ «ተፈትሿል» የሚለው ወረቀት ላይ ፈረምኩ።

በፈተናው ቀን አዳራሹ ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የሰበሰብኩት። ድምፁ የሚሠራ መሆኑን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ሙዚቃ ተለቀቀ፤ ፈታኙ «ይሰማል?» አለ፤ ሁሉም «ይሰማል» አሉ። ከዚያ ጥያቄው መነበብ ጀመረ። አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ የተቀመጠችው መቅደስ የምትባል፣ አሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላት ጎበዝ ተማሪ ነበረች። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ሰማች፤ ከዚያ የአንባቢው ድምፅ እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ ጠፋ። እጇን አወጣች። ፈታኙ እስኪደርስ ክፍል አንድ አልቆ የማረፊያው ሙዚቃ ገብቷል። ሄድፎኑን ከጆሮዋ ወስዶ ሰማ። «ይሄው በደንብ ይሰማል፤ ቀጥዪ» አላት። ሁለተኛ እጇን አላወጣችም።

መቅደስ ዓይኗን ያጣችው በስድስት ዓመቷ፣ በማጅራት ገትር ነው። ሐኪሞቹ ያን ጊዜ ለአክስቷ «ጆሮዋ መትረፉ ዕድል ነው» ብለው ነበር። ልጅቷ ይህን ሰምታ ነው ያደገችው። እንግዲህ ሁሉም የሚሰማውን እሷ ሳትሰማ ስትቀር፣ የሚያይ ሰው ወስዶ «ይሰማል» ሲላት፣ ምን ብላ እንዳሰበች እናንተም ታውቁታላችሁ።

ያን ቀን ከሰዓት ሄድፎኖቹን ስሰበስብ ልቤ አላርፍ አለኝ። የመሳቢያውን ቁልፍ ፈለግሁና መቁጠሪያውን አወጣሁ። እስከ አሥራ ስድስት ደህና ነበሩ። አሥራ ሰባትን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አሉ ጋሽ ተክሉ፤ መሰኪያውን ነካ ሳደርገው ጠፉ።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ በሩን ዘጋሁ፣ መሰኪያውን ቀደድኩ፣ የጋራውን ሽቦ በአስፕሪን አጽድቼ በየድኩት፣ ቋጠርኩት፣ ጨረስኩ። ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኩት። ለራሴም «ተማሪዋ ከተቸገረች ትናገር ነበር» አልኩ።

በሁለተኛው ቀን የመኝታ ክፍል ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ አበባ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። «መቅደስ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። አክስቷ ከእንጦጦ ወርዳ መጥታ ወሰደቻት። ጆሮዬም እየሄደ ነው፣ ከእንግዲህ ትምህርት ለእኔ ምን ያደርግልኛል ትላለች» አለችኝ።

የዚያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ግን ደብዳቤዬ ታየኝ፤ ፊርማዬ ታየኝ። «ወይኔ ልጄን» ብቻ አልኩ። ሌላ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። አንዲት ልጅ ጤነኛ ጆሮ ይዛ ደንቁሬያለሁ ብላ እንጦጦ ተራራ ላይ ተቀምጣለች፤ ይህን የማውቅ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ። እንደዚያ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። መያዝን መፍራት ብቻ አይደለም፤ አለመያዝንም ፈራሁ።

ጋሽ ተክሉ በአራተኛው ቀን ተመለሱ። እግዜር ያጽናዎት አልኳቸው። እጃቸውን ታጥበው፣ ኮታቸውን ሰቅለው፣ ገና ማንም ሳይጠይቃቸው አዲሶቹን ሄድፎኖች አንድ በአንድ ያገላብጡ ጀመር። አንዱ ላይ ቆሙ።

«አስቱ፣ አሥራ ሰባትን መቼ ነው የበየድሽው?»

«እኔ?»

«ፋብሪካ እንዲህ አይበይድም። ቋጠሮ አለው። ቋጠሮውን ያስተማርኩሽ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መዝሙሩን፣ ፊርማውን፣ መቅደስን። ይጮሁብኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር። አልጮሁም። ዘፍ ብለው ተቀመጡና ጓጉንቸሩን በእጃቸው ይመዝኑ ጀመር።

«ልጅቷ የት ናት?»

«አክስቷ ጋ ናት፤ ራጉኤል አጠገብ።»

«ነይ ተቀመጪ። ካውያውን አሙቂ። ያን ብየዳ አፍርሺው።»

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ይሠራል!»

«የሚሠራ ሄድፎን ይዘሽ ሄደሽ ጥፋቱ የዕቃው ነበር ብትያት ታምንሻለች? ሊያጽናኑኝ ነው ትልሻለች። እንደነበረ አድርገሽ መልሺው። በጆሮዋ ትስማው።»

በሥራ ዘመኔ የከበደኝ ብየዳ እሱ ነው፤ በደንብ የተሠራውን መልሶ በደንብ ማበላሸት። ሽቦው ሙሉ በሙሉ እንዳይላቀቅ፣ እንዳይይዝም፤ ሲጫኑት እንዲነካ፣ ሲለቁት እንዲላቀቅ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ።

ከማዕከሉ ጀርባ ባለው የእግር መንገድ፣ በባሕር ዛፉ ውስጥ ሽቅብ ወጣን። ጋሽ ተክሉ ጉልበታቸውን እየያዙ በየጥቂቱ ይቆማሉ። ካሴት ማጫወቻውን እኔ አዝያለሁ፤ ሄድፎኑን ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ። መንገዱን ሁሉ ስጸልይ የነበረው ምን ብዬ እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ «ጌታ ሆይ፣ እባክህ እንዳይድን» እያልኩ ነበር። መንገድ ላይ ሽቦው ተነካክቶ ቢሠራስ? ባትሪው ቢያልቅስ? እቤት ባናገኛትስ? ከሥራ እባረራለሁ የሚለው ፍርሃት የት እንደገባ እንጃ፣ ዳገቱ ላይ ትቶኝ ሄዷል።

አክስቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆመው አላስገባም አሉን። «ልጄ በቃኝ ብላለች። ምን ቀራችሁ?» ጋሽ ተክሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው «አንድ ዕቃ እንድትሰማልን ነው፤ አሥር ደቂቃ አንቆይም» አሏቸው። መቅደስ ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ድምፃችንን ስትሰማ እጇ ቆመ።

አጠገቧ ተንበረከክሁና ሄድፎኑን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። መጀመሪያ ሙዚቃውን ከፈትኩ።

«ይሰማል» አለች፤ ድምፅዋ የደከመ ነበር።

መቁጠሪያውን አደረግሁ። ፊቷ ተለወጠ። «ጠፋ። ይኸው፤ እንደዚያ ቀን ጠፋ።»

መሰኪያውን በጣቴ ተጫንኩት። ጋሽ ተክሉ ጆሮዋ ውስጥ «ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ» ሲሉ እኔም ከውጭ ሰማኋቸው። ለቀቅሁት፤ ጠፋ። መቅደስ እጇን ዘርግታ እጄን ፈለገች፤ ገመዱን ተከትላ መሰኪያው ጋ ደረሰች፤ ጣቴን አስለቅቃ ራሷ ያዘችው። ተጫነችው። ለቀቀችው። ተጫነችው። ቆጠራው አልቆ ካሴቱ ባዶው ቦታ እስኪደርስ አላቆመችም።

«ይሄ ነው?» አለች። «ይሄ ብቻ ነው?»

«እሱ ብቻ ነው። ጆሮሽ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳልፈትሽ ፈረምኩ።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ሄድፎኑን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «ካወቁ ስንት ቀን ሆነዎት?» አለችኝ።

«አራት ቀን።»

«አራት ቀን» አለች። «እኔ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ አክስቴን በር ላይ አቁሜ አጨብጭቢልኝ ስላት ነበር። ትናንት የራጉኤል ደወል ራሱ የራቀ መስሎኛል። ጤነኛ ጆሮዬን እኮ ነው አላምን ያልኩት፣ እትዬ አስቴር።»

ሄድፎኑን ከጭኗ ላይ አንሥቼ ገመዱን ጠቀለልኩ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ሳልፈትሽ መፈረሜን ራሴ ተናገርኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ቋሚነቴም በአንድ ዓመት ተራዘመ። መቅደስ ፈተናውን ብቻዋን በሌላ ክፍል ደግማ ወሰደች፤ ሄድፎኑን ጋሽ ተክሉ ራሳቸው ጓጉንቸር አስረው አሳድረውታል። አለፈች። ለረጅም ጊዜ ግን «ደህና አደርሽ» ስላት «ደህና» ብቻ ትለኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ቀን የጥገና ክፍሉን በር ቆርቁራ ገባችና «አዲስ ሄድፎን ሲመጣ እኔም ልስማ» አለች። ከዚያ ወዲህ እሷ ሳትሰማው ከክፍሉ የወጣ ዕቃ የለም። እኔ የማልሰማውን ሹክሹክታ ትሰማ ነበር። ሰላማችን የወረደው በንግግር አይደለም፤ ግድግዳው ጋ ጎን ለጎን ቆመን ገመድ ስንነቀንቅ ነው። ለእኔም «ነቅናቂዋ» የሚል ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት። ማዕከሉ ሁሉ በዚያ ስም ጠራኝ።

ዓመታቱ እንዲህ አለፉ። ካሴቱ ሄደ፣ ሲዲው መጣ፣ እሱም ሄደ። ጋሽ ተክሉ ጡረታ ሲወጡ ጓጉንቸሩን ለእኔ ትተው ሄዱ፤ ካረፉ ቆይተዋል። ዕቃው በየዓመቱ እየቀለለ፣ ገመዱ እየቀጠነ መጣ፤ መጨረሻ ላይ ከመጠገን መጣል የሚቀልበት ደረጃ ደረሰ። ገመድ አልባው ሲመጣማ የምነቀንቀውም አጣሁ። ባለፈው ዓመት እኔም ጡረታ ወጣሁ። ጋቢ ሰጡኝ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ጓጉንቸሩን ይዤ ወጣሁ። አሁን የመስኮታችን ብረት ላይ ተሰቅሏል፤ በየተራ የሄለንን ኤርፎኖች ገመድ ጫፍ ላይ አስሬዋለሁ። ሁሉም ተጎትተው አድረው ደህና ናቸው። ግራቸው ብቻ ይደክማል።

ባለፈው ቅዳሜ መቅደስ ልትጠይቀኝ መጣች። አሁን የቋንቋ መምህርት ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት። ሲ.ኤም.ሲ ከምትኖርበት በታክሲ የካ አባዶ ድረስ መጥታ፣ በዘንጓ ደረጃውን እየቆጠረች አራተኛ ፎቅ ወጣች። ገና ሳትቀመጥ ስለ ኤርፎኖቹ እሮሮ ጀመርኩ። ርካሽ ዕቃ አገሩን እንደሞላው፣ የድምፁ ጥራት እንደወረደ፣ ሁሉም ግራቸው እንደሚደክም።

«እትዬ» አለች ስጨርስ፣ «ፊትዎን ለምንድን ነው ወደ ግራ አዙረው የሚያወሩኝ?»

«አላዞርኩም።»

«አዙረዋል። ድምፅዎ ወደ ግድግዳው ነው የሚሄደው። ቀኝ ጆሮዎን ነው የሰጡኝ።» ከዚያ «ኤርፎኑን አገላብጠው አድርገውት ያውቃሉ?» አለችኝ።

ለደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የምናገረው ይህንን ነበር፤ የግራውን ቀኝ ላይ፣ የቀኙን ግራ ላይ አድርገህ ስማ፤ ጥፋቱ ከዕቃው ጋር ከዞረ የዕቃው ነው፣ ካልዞረ ግን የጆሮህ ነው። የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው። አራት ኤርፎን ገዝቼ፣ ጓጉንቸር አንጠልጥዬ፣ ሻጭ አሰቃይቼ ያን አንድ ደቂቃ ሸሽቼዋለሁ።

መቅደስ ስልኳን አወጣች። ኤርፎኑን ሰክታ አገላብጣ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። የጋሽ ተክሉን ካሴት ስልኳ ላይ ገልብጣ እንዳስቀረችው አላውቅም ነበር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አሉ። በቀኝ በኩል አጠገቤ የቆሙ ያህል ጥርት ብለው ይሰማሉ። በግራ በኩል ግን ዳገቱን እየወጡ የሚርቁ ይመስላሉ። ጥፋቱ አልዞረም። እስከ ሃያ አብሬያቸው ቆጠርኩ፤ ከዚያም ባዶውን ቦታ ሰማሁት።

«ካወቁ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አለችኝ መቅደስ፤ በቁጣ አልነበረም።

«አራት ኤርፎን» አልኳት፤ ከዚያም ማልቀስ ጀመርኩ። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው የፈራሁት። የኖርኩት በጆሮዬ ነዋ።

እጄን ይዛ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ይሻልዎታል አላለችኝም፣ ምንም አይደለም አላለችኝም። «እርስዎ ያን ዳገት ወጥተው ነግረውኛል» አለች። «እኔም አራት ፎቅ ወጣሁ። ማክሰኞ የጆሮ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን።»

ሰኞ ዕለት መገናኛ ወረድኩ። አራቱንም ኤርፎኖች በፌስታል ይዤ ሄለን ፊት ቆምኩ። ገና ስታየኝ ሌላ ልትሰጠኝ እጇን ወደ ሰሌዳው ሰደደች።

«ተዪው» አልኳት። «ዕቃሽ ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነበሩ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው እትዬ?» አለች እየሳቀች።

በጣቴ ግራ ጆሮዬን አሳየኋት። ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመ። የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ፣ ጥሩምባው ይጮኻል፤ የሆነ ነገር ተናገረች፤ አልሰማኋትም። አልሰማሁሽም አልኳት። ይህን ለሰው ስል የመጀመሪያዬ ነው። ሄለን ሰሌዳዋን ትታ ዞራ መጣችና በቀኝ በኩሌ ቆመች።